ባለሱቁ አገረ ገዥ፦ በ319 ድምፅ የመጣው ኖርዌጂያዊ

አንድ ሰው አገረ ገዥ ለመሆን ስንት ድምፅ ይበቃዋል? በ1896 በአሜሪካዋ ደቡብ ዳኮታ አሸናፊው ያገኘው 41,187 ድምፅ ነበር። ተሸናፊው ደግሞ 40,868 አገኘ። ቀንሰን ስናየው ልዩነቱ 319 ነው። ደህና አድርጎ የተደገሰ ሠርግ ላይ የሚታደም ሰው ቁጥር ማለት ነው እንግዲህ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልን።)

አሸናፊው አንድሪው ኤሪክሰን ሊ ይባላል። ኖርዌይ ውስጥ በርገን አካባቢ ተወልዶ በአራት ዓመቱ ወደ አሜሪካ የተሻገረ፣ ቨርሚሊየን በምትባል ትንሽ ከተማ ሱቅ ከፍቶ የከበረ ነጋዴ ነው። ስሙን ዛሬ ከደቡብ ዳኮታ ውጭ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ስለ ስደተኛ ፖለቲከኞች ሲወራ ቅድሚያ የሚነሳው የሚኔሶታው ክኑት ኔልሰን ነው። እሱም ኖርዌይ ተወልዶ በ1893 የሚኔሶታ አገረ ገዥ የሆነ፣ ከዚያም እስከ ዕለተ ሞቱ 1923 ድረስ በአሜሪካ ሴኔት የተቀመጠ ትልቅ ሰው ነው። እኛ ግን የመረጥነው ባለሱቁን ነው። ምክንያታችንም ቀላል ነው። ኔልሰን ብዙ ሥልጣን ያዘ፤ በሊ ዘመን ግን አንድ ሕግ ተወለደ። ሥልጣኑ ከባለቤቱ ጋር ተቀበረ። ሕጉ ግን ከ125 ዓመት በኋላም ሰዎችን እያጣላ፣ እያስታረቀ፣ ደመወዝ ሲያስጨምርም እየታየ ነው።

ከድንጋይ አገር ወደ ሣር አገር

ኖርዌይን ዛሬ የምናውቃት በነዳጅ ሀብቷና በሰላም ሽልማቷ ነው። የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ኖርዌይ ግን ሌላ አገር ነበረች። ከምድሯ ሊታረስ የሚችለው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ተራራ፣ ድንጋይ፣ ደንና ውኃ ነው። የአባት እርሻ የሚወርሰው በልማድ ታላቁ ልጅ ስለሆነ ታናናሾቹ ወይ የሰው ጭሰኛ ወይ ዓሣ አጥማጅ ይሆናሉ፤ ካልሆነም አገር ለቀው ይሄዳሉ። በ1825 52 ሰዎችን የጫነች አንዲት ትንሽ መርከብ ከስታቫንገር ወደብ ተነስታ ኒውዮርክ ስትደርስ 53 ሆነው ወረዱ፤ በመንገድ ላይ ሕፃን ተወልዶ ነበርና። ከዚያ በኋላ በነበሩት 100 ዓመታት ከ800,000 በላይ ኖርዌጂያውያን ተከተሏቸው። ከሕዝቧ ብዛት አንፃር ሲታይ በዚያ ዘመን ከኖርዌይ የበለጠ ሰው ወደ አሜሪካ የላከች የአውሮፓ አገር አየርላንድ ብቻ ነበረች።

አንድሪው በ1847 ተወለደ። ቤተሰቡ በ1851 ተሻግሮ ዊስኮንሲን ውስጥ ሰፈረ። እዚህ ላይ ስለ ስም አንድ ነገር እናንሳ። «ኤሪክሰን» ማለት «የኤሪክ ልጅ» ማለት ነው። ኖርዌጂያውያን በዚያ ዘመን እንደ እኛው ነበሩ፤ ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፣ የልጅ ልጅ ደግሞ በራሱ አባት። ቋሚ የቤተሰብ ስም በሕግ የተደነገገባቸው በ1923 ነው። አሜሪካ ሲገቡ ግን መዝገብ ጸሐፊው «የቤተሰብ ስም?» ብሎ ይጠይቃል። የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይቀራል፤ አንዳንዴም ሰውየው ያረሰው እርሻ ስም ይገባል። ዛሬ ዋሽንግተን ወይም ሚኒያፖሊስ ያሉ ዘመዶቻችን አያታቸውን በልጆቻቸው ፓስፖርት ላይ ሲያገኙት የሚሰማቸውን ግርታ ኖርዌጂያውያኑ ከ150 ዓመት በፊት ቀምሰውታል።

ወጣቱ ሊ በ1860ዎቹ መጨረሻ ከዊስኮንሲን ወደ ምዕራብ ተጓዘ። የደረሰው ሚዙሪ ወንዝ ዳር ያለችው ቨርሚሊየን ነው። ያኔ አካባቢው ገና ግዛት አልሆነም፤ «የዳኮታ ክልል» ተብሎ ከዋሽንግተን በሚሾም ሰው ይተዳደር ነበር። ሰዉ ወደዚያ የሚጎርፈው ለመሬት ነው። በ1862 የወጣው የሠፈራ ሕግ አንድ የቤተሰብ ኃላፊ 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ገደማ፣ አምስት ዓመት ኖሮ ካረሰው የራሱ እንዲሆን ፈቀደ። ዜጋ መሆን እንኳ አያስፈልግም፤ ዜጋ ለመሆን እንደሚፈልግ ቃሉን በጽሑፍ መስጠት ይበቃል። ከድንጋይ አገር ለመጣ ሰው 65 ሄክታር ለም መሬት ምን ማለት እንደሆነ እስቲ እንገምት።

ነገር ግን መሬቱ ባዶ አልነበረም። ቨርሚሊየን የተቆረቆረችበትን አካባቢ የያንክተን ሱ ሕዝብ በ1858 በተፈረመ ውል ለቆ ወደ ጠባብ ክልል እንዲገባ ተደርጓል። በታኅሣሥ 1890 ደግሞ በዚያው ደቡብ ዳኮታ፣ ዉንድድ ኒ በተባለ ቦታ፣ የመንግሥት ጦር የላኮታ ወንዶችን፣ ሴቶችንና ሕፃናትን ፈጀ። የስደተኛው ደስታና የባለአገሩ መፈናቀል የአንድ ሳንቲም ሁለት ገጽ ናቸው። ይህንን ሳንናገር የኖርዌጂያዊውን ስኬት ብቻ ብናወራ ታሪኩን በአንድ ዓይን ማየት ይሆንብናል።

የዱቤ መዝገብ

ሊ መጀመሪያ ተቀጥሮ ሠራ። ቀጥሎ ፕሬንቲስ ከሚባል ሰው ጋር ተሻረከና «ሊ እና ፕሬንቲስ» የተባለ ሱቅ ከፈቱ። ሱቅ ስንል የሰፈራችንን ኪዮስክ አናስብ። በዚያ ዘመን ሜዳ ላይ እንዲህ ያለው መደብር ሁሉንም ነገር ይሸጣል፦ ዱቄት፣ ስኳር፣ ቡና፣ ጨርቅ፣ ጫማ፣ ምስማር፣ የፈረስ ዕቃ። ሊ ከሱቁ ሌላ እርሻና ከብትም ነበረው።

ቨርሚሊየን በቀላሉ የሚከበርባት ከተማ አልነበረችም። በ1881 ጸደይ ሚዙሪ ወንዝ በበረዶ ግግር ተዘግቶ ሞልቶ ፈሰሰና በወንዙ ዳር ሜዳ ላይ የነበረችውን ከተማ አብዛኛውን ክፍል ጠራርጎ ወሰደ። ነዋሪዎቹ ከተማቸውን ከገደሉ አናት ላይ እንደገና ሠሩ። ዛሬም ያለችው እዚያው ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ሀብታም ነጋዴ ለምን ከዕዳ ከተዘፈቀ ገበሬ ጋር ወገነ? በየአገሩ እንደምናየው ነጋዴ ሲከብር ወደ ባንኩና ወደ ባለሥልጣኑ ይጠጋል። ሊ ወደ ሌላኛው ወገን የሄደው ለምንድን ነው?

እኛ መልሱን የምናገኘው ከዱቤ መዝገቡ ነው። የገጠር መደብር የሚኖረው በዱቤ ነው። ገበሬው በጸደይ ይወስዳል፣ በመከር ይከፍላል። መከሩ ከከሸፈ ወይም የስንዴ ዋጋ ከወደቀ ዕዳው በባለሱቁ ላይ ይቀራል። ባለሱቁ ራሱ ደግሞ ዕቃውን ከቺካጎ ጅምላ ሻጮች ወስዷልና የእሱ ዕዳ አይጠብቅም። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከ1 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው 27 ኪሎ ስንዴ በ1890ዎቹ አጋማሽ 50 ሳንቲም ገደማ ወረደ። ገበሬው የተበደረው ግን ያው የድሮው መቶ ዶላር ነው። ያንን ለመክፈል አሁን እጥፍ ስንዴ ማምረት አለበት። የአሜሪካ ገንዘብ በወርቅ ብቻ መታሰሩ ገንዘቡን ውድ፣ እህሉን ርካሽ አድርጎታል ብለው ገበሬዎቹ የከሰሱት በዚህ ምክንያት ነው። ብርም እንደ ወርቅ ያለ ገደብ ገንዘብ ይሁን የሚለው ጥያቄያቸው ከዚህ ይመነጫል።

በዚህ ላይ ባቡሩ አለ። እህሉ ወደ ቺካጎ የሚወጣው፣ ዕቃው ወደ ቨርሚሊየን የሚገባው በባቡር ነው። በአንድ አካባቢ የሚያልፈው ሐዲድ ብዙውን ጊዜ የአንድ ኩባንያ ነውና ኩባንያው የጠራውን ታሪፍ መክፈል ግድ ነው። ገበሬው ሲሸጥም ሲገዛም ለባቡሩ ይከፍላል። ባለሱቁም እንዲሁ። ስለዚህ ሊ ከገበሬው ጋር የቆመው በርኅራኄ ብቻ ነው ብለን አናስብም። የሁለቱም ኪስ የሚፈስሰው በአንድ ቀዳዳ ነበር። ይህን ማለታችን ሰውየውን ለማሳነስ አይደለም። እንዲያውም ፖለቲካ ጠንካራ የሚሆነው ጥቅምና ፍትሕ አንድ መንገድ ላይ ሲገናኙ ነው ብለን እናምናለን።

የግምጃ ቤቱ ቁልፍ

ደቡብ ዳኮታ ግዛት ሆና ኅብረቱን የተቀላቀለችው በኅዳር 1889 ነው። ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ የሚገዛት የሪፐብሊካን ፓርቲ ነበር። ገበሬዎቹ ግን ከዚያ በፊት ጀምረው በገበሬዎች ማኅበር ተደራጅተዋል። ከመሪዎቻቸው አንዱ ካናዳ የተወለደው ሄንሪ ላውክስ ነው። ይህ ማኅበር ቆይቶ የሕዝብ ፓርቲ ሆነ፤ አባላቱም «ፖፑሊስት» ተባሉ። ዛሬ ይህ ቃል በየጋዜጣው እንደ ስድብ ይወረወራል። ያኔ ግን የባቡር ታሪፍ ይገደብ፣ ሴናተሮች በቀጥታ በሕዝብ ይመረጡ፣ ሕዝቡ ራሱ ሕግ ማውጣት ይቻለው የሚሉ ሰዎች በገዛ ፈቃዳቸው የተሸከሙት ስም ነበር።

በጥር 1895 ገዥውን ፓርቲ ያንገዳገደ ነገር ተፈጠረ። ሥልጣኑን የሚያስረክበው የግዛቱ ግምጃ ቤት ኃላፊ ቴይለር ከ360,000 ዶላር በላይ ጉድለት ትቶ ተሰወረ። የግዛቲቱ ሕዝብ 400,000 እንኳ አይሞላም ነበር። ድርቅ፣ የ1893 የገንዘብ ቀውስና የስንዴ ዋጋ መውደቅ ያደቀቀው ገበሬ የከፈለው ግብር እንዲህ ባክኖ ሲያይ ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅትም። ቴይለር ኋላ ተመልሶ ታሰረ። እምነት ግን እንደ ሰው ታስሮ አይመለስም።

ፖፑሊስቶቹ በ1896 ዕጩ ሲፈልጉ ዓይናቸው ሊ ላይ ያረፈው በዚህ ጊዜ ነው። የቨርሚሊየን ምክር ቤት አባልና ከንቲባ ሆኖ ሠርቷል፤ ሒሳብ ያውቃል፤ የራሱን መዝገብ ለሃያ አምስት ዓመት በሥርዓት ይዟል። ግምጃ ቤቱ ለተዘረፈበት ሕዝብ ከዚህ የተሻለ ምን ዓይነት ዕጩ ይቀርብለታል? ፖፑሊስቶች፣ ዴሞክራቶችና ከፓርቲያቸው ያፈነገጡ የብር ደጋፊ ሪፐብሊካኖች በአንድ ዕጩ ተስማሙ። ተፎካካሪው አሙንድ ሪንግስረድ የግዛቲቱ የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ የነበረ ሪፐብሊካን ነው። እንግዲህ በ319 ድምፅ ተለያዩ። ሊ ሦስተኛው የደቡብ ዳኮታ አገረ ገዥ፣ ከሪፐብሊካን ውጭ ደግሞ የመጀመሪያው ሆነ። በ1898 እንደገና ተወዳድሮ በድጋሚ ከ400 ባነሰ የድምፅ ልዩነት አሸነፈ።

አራት ዓመት

የአንዱ ዘመን ርዝመት ሁለት ዓመት ስለነበረ ሊ የገዛው ከ1897 እስከ 1901 አራት ዓመት ብቻ ነው። ዙሪያውን የከበቡት የተመረጡ ባለሥልጣናት ደግሞ አብዛኞቹ ሪፐብሊካን ነበሩ። ቢሆንም ሦስት ነገሮችን እናንሳ።

የመጀመሪያው ባቡሩ ነው። በ1897 የወጣ ሕግ የባቡር ኮሚሽነሮች ከፍተኛውን ታሪፍ እንዲወስኑ ሥልጣን ሰጠ። ኮሚሽነሮቹም በ1898 ታሪፉን ቆርጠው አወጡ። የቺካጎ፣ ሚልዋኪና ሴንት ፖል ኩባንያ ወዲያውኑ በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። የታችኛው ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ ሲያደርግ ግዛቲቱ ደስ አላት። ደስታው ግን አልዘለቀም። በ1900 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያንን ውሳኔ ሽሮ፣ ታሪፉ በኩባንያው ገቢ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በደንብ አልተሰላምና እንደገና ይታይ ብሎ መለሰው።  ሕግ ማውጣት አንድ ነገር፣ ሕጉን ፍርድ ቤት አቁሞ ማስከበር ሌላ ነገር መሆኑን ፖፑሊስቶቹ ያዩት በውድ ዋጋ ነው።

ሁለተኛው ጦርነቱ ነው። በ1898 አሜሪካ ከስፔን ጋር ስትዋጋ የደቡብ ዳኮታ ፈቃደኛ ወታደሮች ወደ ፊሊፒንስ ተላኩ። ከስፔን ጋር ሰላም ከወረደ በኋላ ግን ልጆቹ አልተመለሱም፤ ነፃነታቸውን የሚጠይቁትን ፊሊፒናውያን እንዲወጉ እዚያው ቀሩ። ሊ የግዛቱ ልጆች ለዚህ አልዘመቱምና ይመለሱ ብሎ ጠየቀ። በጦርነት ጊዜ እንዲህ ማለት ሰውን ምን እንደሚያስብል እናውቃለን። ጦሩ የተመለሰው በ1899 መኸር ነው።

ሦስተኛው፣ ለእኛም ዋናው፣ የሕዝብ ሕግ ነው። አበርዲን በምትባል ከተማ ሮበርት ሄር የሚባሉ የካቶሊክ ቄስ ነበሩ። ለሠራተኞችና ለገበሬዎች የሚከራከሩት እኚህ ቄስ ከ1880ዎቹ ጀምሮ «ሕግ አውጪዎቹ እምቢ ካሉ ሕዝቡ ራሱ ሕግ ያውጣ» እያሉ ሲሰብኩ ኖረዋል። የፖፑሊስቱ ምክር ቤት በ1897 ይህንን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አድርጎ አቀረበው። በኅዳር 1898 ሕዝቡ በ23,816 ድጋፍና በ16,483 ተቃውሞ አጸደቀው። ደቡብ ዳኮታ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ይህን መብት ለመላው ግዛት የሰጠች የመጀመሪያዋ ሆነች።

አሠራሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከመራጩ 5 በመቶ የሚሆነው ከፈረመ ሕዝቡ አዲስ ሕግ አቅርቦ በምርጫ ቀን ድምፅ ይሰጥበታል። ሁለተኛ፣ ምክር ቤቱ ያወጣውን ሕግ ካልወደደ በዚያው መጠን ፊርማ አሰባስቦ ለሕዝብ ውሳኔ ያመጣዋል። እዚህ ላይ መደናገር እንዳይፈጠር አንድ ነገር እንበል። እኛ አገር «ሕዝበ ውሳኔ» ሲባል የሚታወሰን የ1993ቱ የኤርትራ ወይም የ2019ኙ የሲዳማ ነው፤ ማለትም ሕዝብ በየትኛው አጥር ውስጥ እንደሚኖር የሚወስንበት ትልቅና አንዴ የሚመጣ ቀን። የደቡብ ዳኮታው ግን የዘወትር መሣሪያ ነው። ስለ ግብር፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ ጋብቻ የሚጠየቅበት።

ስለ ጋብቻ ስንል ቀልድ አይደለም። በዚያ ዘመን ሱ ፎልስ ከተማ ፍቺ ቶሎ የሚገኝባት በመሆኗ ከኒውዮርክ ሀብታም ሴቶች በባቡር እየመጡ ይሰፍሩባት ነበር። በ1907 ምክር ቤቱ ለፍቺ የሚያስፈልገውን የነዋሪነት ጊዜ አንድ ዓመት ሲያደርገው ተቃዋሚዎች በዚሁ መብት ተጠቅመው ሕጉን ለሕዝብ አቀረቡት። በ1908 ሕዝቡ ሕጉን ደገፈው። የፍቺው ገበያም ተዘጋ።

ያልተጋበዙት

በኅዳር 1898 ለመራጩ የቀረበው ያ ማሻሻያ ብቻ አልነበረም። የሴቶች የመምረጥ መብትም በዚያው ቀን ቀርቧል። ውጤቱ? በ3,000 ገደማ ልዩነት ወደቀ። ይህን ስናነብ ቆም ብለን አሰብን። «ሕዝቡ ራሱ ሕግ ያውጣ» ብለው የወሰኑት እነዚያው ወንዶች፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሳጥን፣ ግማሹ ሕዝብ ሕዝብ አይደለም ብለው ወሰኑ። እናቶቻቸውና ሚስቶቻቸው ድንኳን ተክለው፣ ሣር ቤት ሠርተው፣ ከእነሱ እኩል ክረምቱን ታግለው የኖሩባት ምድር ነበረች። የብዙኃን ድምፅ ሁልጊዜ የፍትሕ ድምፅ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

ሴቶቹ መብታቸውን ያገኙት በ1918 ነው። እሱም ሌላ ጉድ ይዞ መጣ። እስከዚያ ድረስ በደቡብ ዳኮታ ዜጋ ለመሆን ቃል የሰጠ ስደተኛ ወንድ ዜግነቱ ሳይደርሰው መምረጥ ይችል ነበር። የሊ ዘመን ኖርዌጂያውያንና ጀርመኖች ብርቱ መራጮች የሆኑት በዚህ በር ገብተው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጀርመን ላይ የተነሳው ጥላቻ ሲግል የሴቶች መብትና የስደተኞቹን ድምፅ መንጠቅ በአንድ ማሻሻያ ታስረው ቀረቡ። ሕዝቡም አጸደቀው። አንዱ በር ሲከፈት ሌላው ተዘጋ።

ሊ ራሱ ከ1901 በኋላ አልተሳካለትም። በ1900 ለአሜሪካ ምክር ቤት፣ በ1908 ደግሞ በዴሞክራቶች ስም ለአገረ ገዥነት ተወዳድሮ ተሸነፈ። የፖፑሊስት ፓርቲውም ከሰመ። ሰውየው ወደ ቨርሚሊየኑና ወደ ሥራው ተመልሶ በ1934 አረፈ።

ከሊ በኋላ የቀረው

ዛሬ ወደ ሁለት ደርዘን የሚሆኑ የአሜሪካ ግዛቶች ሕዝቡ ሕግ የሚያመነጭበት መብት አላቸው። በር ከፋቿ ግን ያቺ ድሃ የገበሬ ግዛት ነች። በራሷ በደቡብ ዳኮታ መሣሪያው አልዛገም። በ2006 ምክር ቤቱ ያወጣውን ጥብቅ የፅንስ ማቋረጥ ክልከላ ሕዝቡ ፊርማ አሰባስቦ ጣለው። በ2014 ዝቅተኛውን የሰዓት ደመወዝ ከ7.25 ወደ 8.50 ዶላር አሳደገ፤ ከዚያም በየዓመቱ ከኑሮ ውድነቱ ጋር እንዲያድግ አደረገ። ምክር ቤቱ በ2015 የወጣቶቹን ደመወዝ ወደ 7.50 ሊመልስ ሲሞክር ሕዝቡ በ2016 ከ70 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ እምቢ አለ። ይህ ሁሉ የሆነው ሪፐብሊካኖች በሰፊው በሚያሸንፉባት ግዛት መሆኑን ልብ ይሏል። ሰው ፓርቲውን ሳይለውጥ ሐሳቡን መግለጽ የሚችልበት ቀዳዳ ማለት ይህ ነው።

ይህ ነገር ባለሥልጣናትን አስደስቶ አያውቅም። በ2016 ሕዝቡ ያጸደቀውን የሥነ ምግባርና የምርጫ ገንዘብ ሕግ ምክር ቤቱ በ2017 መጀመሪያ «አስቸኳይ» በሚል አንቀጽ ሻረው፤ አስቸኳይ የተባለ ሕግ ደግሞ ለሕዝበ ውሳኔ አይቀርብም። በ2022 ግብር የሚጨምሩ ወይም ብዙ ወጪ የሚጠይቁ የሕዝብ ሕጎች 60 በመቶ ድምፅ ካላገኙ አይጽደቁ የሚል ሐሳብ ለሕዝቡ ቀረበ። ሕዝቡ ግን የራሱን እጅ አላሰረም፤ ውድቅ አደረገው። በዚያው ዓመት ኅዳር ለድሆች የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና ሽፋን በድምፁ አሰፋ።

አሁን ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። እንግዲህ ወደ ሱ ፎልስ እንመለስ። ያቺ የድሮ የፍቺ ከተማ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የሚኖሩባት ናት። በ2020 ጸደይ በከተማዋ በሚገኝ አንድ ትልቅ የሥጋ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ የኮሮና ወረርሽኝ ሲነሳ ሁኔታውን የመረመሩት የፌዴራል የጤና ባለሙያዎች ሠራተኞቹ 40 ያህል ቋንቋዎች እንደሚናገሩ ጻፉ። በብዛት ከሚነገሩት አሥሩ ውስጥ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና ኩናማ ነበሩ። ኖርዌጂያንኛ በዝርዝሩ ላይ የለም። የእነዚያ ልጆች ከቢላዋው መስመር ላይ ከወጡ ቆይተዋል፤ ባለመሬት፣ ባለሱቅ፣ ዳኛ፣ አገረ ገዥ ሆነዋል። ሊን የተካው ቻርልስ ሄሬይድም ከኖርዌይ የመጡ ወላጆች ልጅ ነበር።

በሊና በዛሬው የሱ ፎልስ ሠራተኛ መካከል ያለውን ልዩነት ግን አንሸፍነው። ሊ ነጭ ነበር። ሕግ መሬትን በርካሽ ሰጥቶታል። ወገኖቹ ዜግነት ሳይጠብቁ ይመርጡ ነበር። የዛሬው ስደተኛ 65 ሄክታር አይጠብቀውም፤ ለዜግነት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከመኖሪያ ፈቃዱ በኋላ አምስት ዓመት ይቆያል። ስለዚህ «እነሱ ከቻሉ እኛ ለምን አልቻልንም» የሚለው ወቀሳ ፍትሐዊ አይደለም። የተነሱበት መስመር አንድ አይደለም።

አንድ ነገር ግን አንድ ነው። በ2014ቱ ሕግ የሰዓት ደመወዙ ከፍ ያለለት የሆቴል አልጋ አንጣፊ ወይም የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ፣ አማርኛ ይናገርም ስፓኒሽ፣ ጭማሪው የመጣለት በ1898 በተከፈተ በር ነው። በሩን የከፈቱት አንድ ቄስ፣ ጥቂት ሺህ ዕዳ ያስጨነቃቸው ገበሬዎችና የገበሬውን ዕዳ በገዛ መዝገቡ የሚያውቅ አንድ ባለሱቅ ናቸው። አብዛኞቹም ከሌላ አገር የመጡ ወይም የመጤ ልጆች ነበሩ። እንግዳ ሆነው ገብተው የቤቱን ሕግ ጻፉ።

እኛ ከዚህ ታሪክ የምንይዘው ጀግና አይደለም። የምንይዘው ቁጥሩን ነው፤ 319። የዚያን ዕለት 160 ሰዎች ሐሳባቸውን ቀይረው ቢሆን ኖሮ አሸናፊው ሌላ ነበር። «የእኔ አንድ ድምፅ ምን ያመጣል» ብሎ ቤቱ የሚቀር ወንድም ወይም እኅት፣ ሱ ፎልስም ይኑር ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዜግነቱን ካገኘ ይህን ቁጥር በኪሱ ይያዝልን። ዜግነቱን ገና የሚጠብቅም ቢሆን ፊርማ ለሚሰበስበው ጎረቤቱ በሩን ከፍቶ ማዳመጥ፣ ጉዳዩን ለሚመርጠው ወዳጁ ማስረዳት ይችላል። 40 ቋንቋ በሚነገርበት ከተማ የማስረዳት ሥራ ሞልቷል።